ለጉድጓድ ፓምፕ ገመድ፦ ሙጫ ያለው ሽሪንክ ከናስትሮ ጋር ሲመዘን

በሰሜን ሸዋ፣ በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ ሽንኩርትና ማሾ በጉድጓድ ውሃ ሲለማ፣ ፓምፑ ሲቆም መጀመሪያ የሚታማው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ግን የገመዱ መጋጠሚያ ይታይ። ናስትሮው ሲላጥ ከሥሩ ውሃ ጠብ ካለ፣ መዳቡ ከጠቆረና ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ከተጋገረ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ናስትሮ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ቦታው ደረቅ ግድግዳ ላይ ነው። ጥሩ የሚባለው እንኳ ውፍረቱ 0.18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሙጫው ይለሰልስና ጥምጥሙ ይንሸራተታል፤ በደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ደርቆ አልጣበቅ ይላል። ውሃ በጥምጥሙ ጫፍ ከገባ በኋላ እዚያው አይቆምም። በመዳቡ ቀጫጭን ክሮች መሃል፣ ኩራዝ ክሩ ጋዝ እንደሚስብ፣ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የተበላሸ መጋጠሚያ ሲቆረጥ ጠቆር ያለውን ብቻ ቆርጦ መቀጠል አይበቃም፤ መዳቡ ቀይና አንጸባራቂ እስኪሆን ድረስ፣ ግማሽ ሜትርም ቢሆን፣ ይቆረጥ። የጠቆረ መዳብ ላይ የተሠራ መጋጠሚያ ይግላል።

ለዚህ ሥራ የምንመርጠው ውስጡ ሙጫ የተቀባ ሽሪንክ፣ ማለትም ሲሞቅ ተሰብስቦ ሽቦውን የሚያጠብቅ ቱቦ ነው፤ በጀልባ ሽቦ ሥራም የተለመደው እሱ ነው። መደብር ውስጥ ግን ሙጫ ያለውም የሌለውም “ሽሪንክ” ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ ከውጭም ሁለቱም ጥቁር ቱቦ ናቸው። ቱቦውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ሙጫ ያለው ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ውስጡ ሰም የተቀባ ይመስላል፣ የመጠኑ ጽሑፍም ብዙውን ጊዜ 3፡1 ይላል፤ ማለትም ወደ ሲሶው ይሰበሰባል። ሙጫ የሌለው አብዛኛው 2፡1 ነው። እሱ ሽቦውን ይሸፍናል እንጂ ውሃ አይከለክልም።

ባለ ሦስት ሽቦ 2.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር ካሬ) ገመድ ለመቀጠል ሦስት የመዳብ ኮኔክተር (የሽቦ ጫፎች የሚጋጠሙበት ትንሽ ቱቦ)፣ ከ9 ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚሰበሰብ ሽሪንክ እያንዳንዱ 7 ሴንቲ ሜትር ሦስት ቁራጭ፣ ለውጪው ደግሞ ከ24 ወደ 8 የሚሰበሰብ 30 ሴንቲ ሜትር አንድ ቁራጭ ይበቃል። ገመዱ 4 ካሬ ከሆነ ኮኔክተሩም የ4 ካሬ መሆን አለበት።

መብራቱ ከብሬከሩ ይጥፋ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ብቻ አይታመንም። ሶላር ከሆነ ከፓነሉ የሚመጣው መስመርም ይነቀል፣ ፀሐይ እስካለች ድረስ ቮልቱ አለና። ከዚያ ሽቦዎቹ በደረጃ ይቆረጡ፦ በአንዱ ወገን የመጀመሪያው አጭር፣ ሁለተኛው በ6 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ሦስተኛው ከዚያም በ6፤ በሌላው ወገን በተገላቢጦሽ። እንዲህ ሲሆን ሦስቱ መጋጠሚያዎች ጎን ለጎን አይወድቁም፣ እብጠቱም ይቀንሳል። የውጪው ሽሪንክ ከሁሉ በፊት ገመዱ ላይ ይግባ፤ ትንንሾቹም እንዲሁ። ብዙ የተቸኮለ ሥራ የሚፈርሰው እዚህ ነው፤ ሦስቱም ከተጨፈለቁ በኋላ ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ይገኛል።

ኮኔክተሩ በክሪምፐር (በኮኔክተር መጨፍለቂያ ጉጠት) ይጨፍለቅ። በፒንሳ የተቀጠቀጠ ለጊዜው ይይዛል፣ ሞተሩ ሲነሳ በሚስበው ከፍተኛ አምፒር እየጋለ ይላላል። ጨፍልቃችሁ በእጅ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት፤ ከወጣ ይደገም። የገመዱን ልባስ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩና በአልኮል ጥረጉት። ናፍጣ የነካው ጨርቅ አይቅረብ፣ ቅባት ባለበት ሙጫው አይዝም።

ሙቀቱ ከመሃል ይጀምርና ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሂድ፣ አየሩ እንዲወጣ። ሂት ገን (ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ካለ እሱ ይሻላል። ላይተር ጥቀርሻ ያለብሰዋል፣ አንዱን ጎን ያሳርርና ሌላውን ጥሬ ይተዋል። እንደ ጣርማበር ባለ ነፋሻ ደጋ ደግሞ ከለላ ሳይደረግ ሙቀቱ ቱቦው ጋ አይደርስም። መብሰሉ የሚታወቀው በመሰብሰቡ ሳይሆን በሁለቱም ጫፍ ዙሪያውን ቀጭን የሙጫ ቀለበት ሲወጣ ነው። በአንዱ በኩል ብቻ ከወጣ ሥራው አላለቀም። ሳይቀዘቅዝ አይታጠፍ፣ ውሃም አይንካ።

ራሱ በራሱ የሚጣበቀው የጎማ ቴፕ ጥሩ ተተኪ ነው፤ እሳት አይፈልግም። ወርዱ በግልጽ እስኪጠብ እየተሳበና ግማሽ በግማሽ እየተደራረበ ይጠመጠማል፤ ሳይለጠጥ ከተጠመጠመ አይዋሃድም። ከላዩ ናስትሮ ይደረብበት። በውስጡ ቀላጭ ሊድ (የሽቦ መበየጃ) ያለው ትንሹ ግልጽ ቱቦ ለውሃ መጠን ሴንሰር ቀጭን ሽቦ ምቹ ነው፤ ለ2.5 ካሬ ግን አንመክረውም፣ ወፍራሙ መዳብ ሙቀቱን ስለሚበትነው ሊዱ ሳይሰርጽ ይቀራል። የሚፈስ ሬዚን (ፈስሶ የሚጠነክር ሙጫ) ያለው ኪት ከሁሉ ጠንካራው ነው፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል። ከላይ በመሬት ውስጥ ለሚቀበርና ዶማ ሊያገኘው ለሚችል መስመር ይገባዋል፤ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ግን እብጠቱ አያስገባም።

ገመዱ ከቧንቧው ጋር በየ3 ሜትሩ ይታሰር። ሞተሩ ሲነሳ ስለሚጠማዘዝ፣ ልል የሆነ ገመድ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ይላጣል። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ከቅጥሉ በኋላ ውሃው ከቀነሰ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞረ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ፌዞችን ማቀያየር ነው።

ፓምፑ ከመውረዱ በፊት መጋጠሚያው ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በ500 ቮልት ሜገር (የሽፋን መከላከያ አቅምን በከፍተኛ ቮልት የሚለካ መሣሪያ) ከሽቦዎቹ ወደ ውሃው ይለካ፤ ተራ ተስተር በጥቂት ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ ስንጥቁን አያገኘውም። ኮንትሮለሩ አስቀድሞ ይነቀል፣ ሜገሩ ያቃጥለዋልና፤ ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ያለው የሶላር ፓምፕም ሳይነቀል አይለካ። አዲስ ቅጥል በብዙ አሥር ሜጋ ኦም ማንበብ አለበት። ወደ ጥቂት ሜጋ ኦም ከወረደ የሙጫ ቀለበቱ የጎደለበትን ጫፍ ፈልጉት፣ ቁረጡትና እንደገና ሥሩት።