ደሴ ላይ ፍራሽ የምትገዙ መጀመሪያ ይሄን ልጅ አናግሩት

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ዛሬ የመጣሁት ሰኞ ገበያ አካባቢ ፍራሽ የሚሸጥ አንድ ልጅ ላመሰግን ነው፣ ስሜን እንዳትፅፍ ስላለኝ የፍራሹ ልጅ ልበለው።

እማየ ወገቧን ካመማት ሁለት አመት አለፋት፣ ዲስክ ነው ተብላ መድኃኒቱንም ፊዚዮቴራፒውንም ይዛለች፣ የሚብስባት ግን ሌሊቱ ነበር፣ ጠዋት ለመነሳት መጀመሪያ በጎኗ ትዞራለች ከዛ ግድግዳውን ትይዛለች ከዛ እኔን ትጠራለች። ጎረቤቱ ሁሉ ለወገብ ደረቅ ነው የሚሻለው ሲላት ፍራሹን አስነስታ ጣውላው ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ተኛች፣ ጭራሽ ትከሻዋና ዳሌዋም ተጨመረ። ከዛ እኔ አንድ ሌላ ቦታ ኦርጅናል ሜሞሪ ፎም (ሲጫኑት ቅርፅ ይዞ ቀስ ብሎ የሚመለሰው ስፖንጅ) ነው ተብየ የገዛሁት በሶስት ወሩ መሀሉ ጎድጉዶ ገበቴ ሆነ (ስም አልጠራም)።

የፍራሹ ልጅ ጋ ስንሄድ መጀመሪያ የጠየቀው ስለብር አይደለም፣ "እማማ በየት በኩል ነው የሚተኙት?" ነው ያላት። በጎኔ አለችው። የፍራሹን ዚፕ ከፍቶ አሳየን፣ 20 ሳንቲም ከሚሆነው ውፍረቱ ውስጥ ሜሞሪ ፎሙ የላይኛው 5 ሳንቲም ብቻ ነው፣ ስሩ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ነው፣ ሙሉው ሜሞሪ ከሆነማ ሰው ይሰምጣል አለ። መዳፌን ጫን አድርጌ ይዤ ስለቀው የጣቶቼ ቅርፅ ቀርቶ ቀስ እያለ ተመለሰ፣ ተራ ስፖንጅ ወዲያው ነው ፈንጠር የሚለው፣ እኔ የተሸወድኩት እሱን ነበር ለካ። ፎሙ በሰውነት ሙቀት ስለሚለሰልስ በጎን ለሚተኛ ሰው ትከሻውና ዳሌው ያረፈበት ገባ ይልና አከርካሪው ሳይጣመም ያድራል።

ከዛ እማየን ጫማዋን አስወልቆ እዛው ሱቁ ውስጥ ሩብ ሰአት አስተኛት፣ ሰው ይገባል ይወጣል እሷ ነጠላዋን ተከናንባ በሀፍረት ልትሞት ነው፣ ኧረ ልነሳ ስትለው "ይቆዩ እማማ ፎሙ ገና አልሞቀም" ይላታል፣ ወላሂ ሳቄ አመለጠኝ። እኔ ውዱን ልገዛ ነበር እኮ፣ እሱ ነው በጣም ለስላሳውም በጣም ደረቁም አይሆናትም ብሎ መካከለኛውን ያስያዘኝ። ቤት ገብቼ ሳነብ በፈረንጆቹ 2003 ስፔን ውስጥ 313 የወገብ ህመምተኞች ላይ የተሰራ ጥናት አገኘሁ፣ ከደረቅ ፍራሽ ይልቅ መካከለኛው ላይ የተኙት ነው የተሻላቸው፣ ስለሜሞሪ ፎም ሳይሆን ስለጥንካሬው የተሰራ ነው ግን ልጁ ያለውን ነው የሚለው።

ባጃጅ ላይ በገመድ አስሮ ራሱ አመጣው፣ አልጋውን ሲያይ ሁለት ጣውላ ተሰብሯል፣ በዚህ ላይ ምን ብታነጥፍ ይጎደጉዳል ብሎ መዶሻ አስመጥቶ ጠገነው፣ ብር ስሰጠው እምቢ አለ። አወሉን ጠጥቶ ሊሄድ ሲል እማየ በረካውን ሳትጠጣማ ብላ አስቀመጠችው።

ፍራሽ ዲስክ አያድንም፣ ሀኪሟንም ስፖርቷንም አልተወችም፣ ግን ሌሊቱን ትተኛለች ጠዋትም ሳትጠራኝ ነው የምትነሳው። በደሴ ብርድ ማታ ስትተኙበት መጀመሪያ ደረቅ ይላል፣ አብሽሩ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ የመጀመሪያ ሰሞን ሽታም አለው መስኮት ክፈቱ። እማየ እንደልማዷ ፀሐይ ላስጣው ስትል ደግሞ ልጁ ፎሙን ይጎዳዋል ብሎ ከልክሏታል፣ አሁን ፀሐይ የምታሰጣው ልብሱን ብቻ ነው።

አድራሻውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ። አንተም ይሄን ካየህ ገመድህ እኛ ጋ ቀርቷል፣ እማየ ቡና አፍልቼ ካልሆነ አልሰጠውም ብላለች።