በላቨናም የገዛነው «በሚገባ የተያዘ» ቤት፦ ከአሥራ ስምንት ወራት ኑሮ በኋላ

ይህን ቤት እንድንመለከተው ያደረገን ማስታወቂያው ላይ የሰፈረው «በሚገባ የተያዘ የቤተሰብ መኖሪያ» የሚለው ሐረግ ነበር፤ ዛሬ ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ሐረግ ነው።

ላቨናም በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ የምትገኝ፣ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሱፍ ጨርቅ፣ ይልቁንም በሰማያዊው ጨርቋ የበለጸገች መንደር ናት። ንግዱ ሲደክም አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራበት ገንዘብ በመጥፋቱ የዚያ ዘመን ቤቶች እንደቆሙ ቀሩ፤ በሕግ የሚጠበቁት ሕንፃዎች ከ300 በላይ ናቸው፤ የእኛም ከእነርሱ አንዱ ነው። ፀጥታው እንደተነገረን ነው፤ ስለ ወጥ ቤቱም ሆነ ስለ መኝታ ክፍሎቹ የማነሣው ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ የጓሮው ክፍል ግድግዳ ነው። በገባን በስድስተኛው ወር፣ በኅዳር፣ ሶፋውን ሳነሣ ከግድግዳው ግርጌ ቀለሙ እሳት እንደነካው ቆዳ ውኃ ቋጥሮ አገኘሁት። በጣቴ ብጫነው ፈነዳና የሻጋታ ሽታ ያለው ውኃ እጄ ላይ ወረደ።

በኖራ ሥራ የተካኑ ባለሙያ መጥተው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ካገኘን በኋላ፣ የውጩን ልስን ሲያነሡት የተገለጠው ሲሚንቶ ነበር። የቤቱ አጽም እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ እንደ አየሩ ይሰፋል፣ ይጠብባል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ዝናብም መውጫ ያጣል። ከውስጥ ደግሞ የፕላስቲክ ቀለም ተቀብቶ ሌላውን በር ዘግቶታል። ግድግዳውን ከሥር የሚሸከመው፣ ኦክ ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራው አግዳሚ በጣት ሲነካ እንደ እርጥብ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። ፖርትላንድ ሲሚንቶ በእንግሊዝ የባለቤትነት መብት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው፤ ቤቱ ከዚያ በፊት ለብዙ ትውልድ፣ እርጥበትን በሚያስወጣው ኖራ ሲተነፍስ ኖሯል።

ከሲሚንቶው ኋላ ያየሁትን ግን አልረሳውም። በኦክ ምሰሶዎቹ መካከል ቀንበጦች እንደ ማገር ተሸርበው፣ በላያቸው ጭድ የገባበት ጭቃ ተመርጓል። ያደግሁት ጎጃም ውስጥ፣ እናቴ ክረምቱ ሲወጣ ለእንቁጣጣሽ እንደገና በምትመርገው የጭቃ ቤት ነው። ባለሙያው እዚህም ጭቃው ውስጥ እበት ይገባ እንደነበር ሲነግሩኝ፣ ጭድ የተሰገሰገበትን አንድ ጓል በእጄ ይዤ ብዙ ቆምኩ። እናቴ ያንን ግድግዳ በሲሚንቶ ሸፍኖ በሚገባ ያዝኩት የሚል ሰው ቢመጣባት ኖሮ ከደጇ ትመልሰው ነበር።

የሸጡልን ኤጀንት ዛሬ ፊቴ ቢቆሙ «ቀለሙ አዲስ ነበር፣ ስንጥቅም አይታይም ነበር» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጉዳቱን የደበቀው ግን ያው አዲስ ቀለም ነው። «መመርመር የገዢው ድርሻ ነው» ቢሉኝም በአብዛኛው እውነት አላቸው፤ ኤጀንት የሚሠራው ለሻጩ ነውና። ከግዢ በፊት ከሚደረጉት የቤት ምርመራዎች፣ ለእንዲህ ያለ ቤት ጥልቁን ማዘዝ ሲገባን ዋጋው ከብዶን መካከለኛውን መርጠናል፤ በዚህ ራሴን እወቅሳለሁ። በሕግ የተጠበቀ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ካለ፣ እንዲስተካከል ማዘዣው የሚደርሰው የዛሬው ባለቤት መሆኑንም የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ይወቅ።

ኖራው ውርጭ ስለማይወድ እስከ ግንቦት ጠበቅን። ከዚያም በሦስት ድርብ ተለስኖ፣ ቶሎ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ ሰነበተ። የበሰበሰው አግዳሚ በኦክ ተተካ። ወጪው ለመኪና መግዣ ካጠራቀምነው ላይ ወጣ፤ በዚህም ባቡር ለመያዝ እስከ ሰድበሪ በአውቶቡስ እንሄዳለን።

ቤቱን በመግዛቴ አልጸጸትም፤ ነገ ቢሸጥ ደግሜ እገዛዋለሁ፣ በዚያ ዋጋ ግን አይደለም። በዚህ ኅዳር ሶፋውን እንደገና አንሥቼ ግድግዳውን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። የጎኑና የፊቱ ግድግዳዎች ገና ሲሚንቶ እንደለበሱ ናቸው፤ ፈቃዱ ወጥቷል፣ ባለሙያውም ለሚያዝያ ቀን ሰጥተውናል።