ጥያቄ የማይከብዳቸው የጎንደር አስጎብኚ

ይህ ጽሑፍ ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ለሚፈልግ ሰው ነው። መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ እኔን ያስጎበኙኝ አዛውንት ጥሩ ናቸው፣ ቅጠሯቸው። ለምን ጥሩ እንደሆኑ ለማስረዳት ግን ስለ ራሴ ትንሽ ማውራት አለብኝ፤ እኔ የከፈልኩት ግንብ ለማየት ብቻ አልነበረምና።

ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ነው ያደግኩት። የፋሲል ግቢን አጥር ታክኬ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ውስጡን ግን አላውቀውም። ቤተሰቦቼ የአንዲት ትንሽ፣ በጣም ጥብቅ የእምነት ማኅበር አባላት ነበሩ። ስሟን አልጠቅስም። በማኅበሯ ሕግ ከእኛ ውጪ ያለው ሁሉ የጠፋ ነው። ጥምቀት አይታይም። የጎረቤት ሠርግ አይኬድም። ተዝካር አይበላም። ቤተ መንግሥቱም የዓለም ክብር ስለሆነ አይገባበትም። ማን ምን እንደሚማር፣ ማን ማንን እንደሚያገባ የሚወስኑት መሪው ናቸው፤ መሪው ደግሞ ከራሳቸው አይናገሩም፣ ከላይ ተነግሯቸው ነው ይባላል፤ ስለዚህ እሳቸውን መጠየቅ ማለት እግዚአብሔርን መዳፈር ነው። ልጅ ሆኜ «ይሄ የት ተጽፏል?» ብዬ ስጠይቅ ጉባኤ መሀል አቁመው ጸለዩልኝ። የጥርጣሬ መንፈስ ይዟታል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ሲመጣብኝ መዋጥ ለመድኩ።

ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። በወጣሁ ሰሞን ዘመዶቼ ሰላምታ አቆሙ። እናቴ አሁን አሁን ተደብቃ ትደውልልኛለች። ሰው «ከወጣሽ በቃ፣ ነፃ ነሽ» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ አይደለም። ሥልጣን ያለው ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ዛሬም ጉልበቴ ይከዳኛል። ቄስም ይሁን ፓስተር፣ ሼህም ይሁን የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ «እንዲህ ነው» ካለኝ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ንዴቱ የሚመጣው ቤቴ ስገባ ነው። ማመንና አለማመኑን ገና አልጨረስኩትም። የምፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፤ ሳልፈራ መጠየቅ።

እንግዲህ ግቢውን ለማየት ወሰንኩና መጀመሪያ አንድ ወጣት አስጎብኚ ያዝኩ። ልጁ ትሁት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ሆኖም ስለ ንጉሥና ሃይማኖት ስጠይቀው «እህቴ፣ ይሄ የአባቶች ነገር ነው፣ አይጠየቅም» አለኝ። ሒሳቡን ከፍዬ ወጣሁ። በሩ ላይ የቆመ ሌላ ሰው ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ፣ «አንቺ የምትፈልጊው እሳቸውን ነው» ብሎ ወደ አንድ አዛውንት ጠቆመኝ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለለመኑኝ አልጽፍም። መግቢያው ላይ «ቀድሞ የአብነት ተማሪ የነበሩት» ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል።

ለግማሽ ቀን 1,500 ብር ተስማማን። የመግቢያና የባጃጅ ለብቻው ነው፤ ይህን ከመጀመሪያው በግልጽ ነገሩኝ። ከመነሳታችን በፊት «ጋሼ፣ እኔ ብዙ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ሃይማኖት ይነካል። እንዳይቀየሙኝ» አልኳቸው።

«ጠይቂ ልጄ። የማውቀውን እነግርሻለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እልሻለሁ» አሉኝ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው፤ ግቢው በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1979 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ይህን ማንም ይነግራችኋል። አዛውንቱ ግን ትልቁ ግንብ ፊት አቁመውኝ ታሪኩን ከአባትየው ጀመሩልኝ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ አወጁ። በ1625 ከሮም የተላከው የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ቅዳሜን ማክበር ይቅር ተባለ። አገሩ ተነሳ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ የሞተው ደግሞ ባላገሩ ነው፣ የንጉሡ የገዛ ሕዝብ። በዚያው ዓመት ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብለው አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። የወለተ ጴጥሮስንም ነገር እዚያው ነገሩኝ። ባሏ የንጉሡ ባለሟል ነበር። እሱን ትታ ወጣች፣ መነኮሰች፣ የንጉሡን ሃይማኖት አልቀበልም ብላ ተሰደደች። ይህን ስሰማ ያቺ ጉባኤ መሀል የቆመች ልጅ ብታውቀው ኖሮ ብዬ በጣም አዘንኩ። እንቢ ያለች ሴት እዚሁ አገር፣ ከእኛ ብዙም ሳትርቅ ነበረች፤ ለእኛ ግን ማንም አልነገረንም።

«ታዲያ ልክ ማን ነበር?» አልኳቸው።

«ሃይማኖቴን ከሆነ የጠየቅሽኝ፣ እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ መልሴን ታውቂዋለሽ። ታሪኩን ከሆነ ግን የእኛም ወገን እጁ ንጹሕ አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ሳይደብቁ ዘረዘሩት። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን፣ ማለትም የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን፣ ከአገር አስወጡ። ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ በ1668 ጉባኤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲኖር አዘዙ፤ የአዲስ ዓለም ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሱስንዮስ ስሜን ላይ ቤተ እስራኤልን ወግተው ብዙዎቹን በግድ አጠመቁ። እነዚሁ ቤተ እስራኤል ናቸው በኋላ በግንበኝነትና በአናጢነት የጎንደርን ግንቦች በመሥራት የተሳተፉት። ይህን ሲነግሩኝ ግድግዳውን በእጃቸው እየነኩ ነበር። እኔ ያደግኩበት ቤት የራሱን ወገን ጥፋት እንዲህ በግልጽ የሚናገር ሰው አላየሁም። አንድም ጊዜ።

ከዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ ጥላ ሥር አረፍ ብለን ያወራነው ከጉብኝቱ ሁሉ የወደድኩት ክፍል ነው። መጽሐፉ አንድ ፍቺ ብቻ አለው፣ ፍቺውም መሪው ጋ ነው ተብዬ እንዳደግኩ ነገርኳቸው። እሳቸው የአብነት ትምህርት ቤት ዘመናቸውን አነሱልኝ። ጎንደር የአንድምታ ትርጓሜ መዲና ናት። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት የትርጓሜ ቤቶች ነበሯት። መምህሩ አንዱን ጥቅስ አንስቶ አንድ ፍቺ ይሰጣል፣ ከዚያ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፣ ከዚያም ሌላ። ተማሪው ሁሉንም በቃሉ ይይዛል። አንዱ ሌላውን አያባርረውም። እኔ ደስ ብሎኝ «ስለዚህ እናንተ ዘንድ መጠየቅ ይቻል ነበር ማለት ነው» ስል አቆሙኝ።

«አላጋንንልሽም። ዶግማ ላይ ሲደረስ ወሰን አለው። ቅባትና ተዋሕዶ፣ ጸጋና ተዋሕዶ እየተባለ እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ጉባኤ ቆመ። ሊቃውንቱ ይከራከራሉ፣ ንጉሡ ይፈርዳል። ንጉሥ ሲቀየር ፍርዱም የተቀየረበት ጊዜ አለ።»

«ቆይ፣ ንጉሥ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚፈርደው በምን ሥልጣን ነው?»

ትንሽ ዝም አሉ። «በሰይፍ» አሉኝ።

ይህን ያለኝ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም፣ ጾም የማይገድፍ ሰው ነው። እምነታቸውም ሲቀንስ አላየሁም። እኔ ግን ሌሊቱን ስለዚህ መልስ ሳስብ አደርኩ።

ከዚያ «በዚህ አገር እንደ እኔ የጠየቀ ሰው ነበር?» አልኳቸው። ስለ ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ነገሩኝ። አክሱም አካባቢ የተወለደ፣ በሱስንዮስ ዘመን ተከሶ የሸሸ፣ ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ሰው ሁሉ የእኔ ሃይማኖት ነው ልክ የሚለው ለምንድን ነው ብሎ የመረመረ፣ በኋላ እንፍራዝ የኖረ። እንፍራዝ ማለት እኮ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ የምናልፋት ናት! ስንት ጊዜ አልፌባታለሁ። ልቤ ዘለለ። እሳቸው ግን እዚያ ላይ አልተውኝም። ሐተታ የሚባለውን የዘርዓ ያዕቆብን መጽሐፍ እውነት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ነው የጻፈው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረው ጣሊያናዊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር አልተዘጋም አሉኝ። ተመራማሪው ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ጣሊያናዊው ነው ብሎ ጽፏል፤ ሌላው ተመራማሪ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተሟግቷል። ልብ በሉ፤ ፊቴ ሲበራ አይተዋል፣ ታሪኩን እዚያው ቢያቆሙት ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር፣ ምናልባትም ጉርሻ እጨምር ነበር። እሳቸው ግን ሁለቱንም ወገን ነግረውኝ ፍርዱን ለእኔ ተዉልኝ። ሰው እንደዚያ ሲያከብረኝ አላስታውስም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንደርስ ፈራሁ። ልክ እንደ ድሮው ሆዴ ተላወሰ። በሩ ላይ እሳቸው ተሳለሙ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። አልተመለከቱኝም፣ «ተሳለሚ» አላሉኝም፣ «ምነው?» ብለው አልጠየቁኝም፤ ጫማዬን እስካወልቅ ጠብቀውኝ አብረን ገባን። ከጣሪያው ላይ እነዚያ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ሁሉም ወደ ታች ያያሉ። በጣም ያምራሉ። ሥዕል አይታይም ተብሎ ለኖረ ሰው ያን ጣሪያ ማየት ቀላል አይደለም፤ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ ቆየሁ፣ አለቀስኩም።

የንቦቹን ታሪክ እዚህ ነው የሚነግሯችሁ። ደርቡሾች፣ ማለትም የሱዳን ማህዲስቶች፣ በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ንብ ወጥቶ ይህን ቤተ ክርስቲያን አዳነው ይባላል። እሳቸው እንዲህ ለዩልኝ፦ ከተማዋ መቃጠሏ የተመዘገበ ነው፣ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት መጥፋታቸውም እንደዚሁ፣ ይህ መትረፉንም በዓይንሽ ታዪዋለሽ፤ ንቡ ግን ከአባቶች የሰማነው ነው። አሁን ያለው ሕንፃ ራሱ ቀዳማዊ ኢያሱ መጀመሪያ ያሠሩት እንዳልሆነ፣ የቀድሞው ክብ እንደነበር የሚናገሩ ተመራማሪዎች እንዳሉም ነገሩኝ።

«እርስዎስ ንቡን ያምኑታል?»

«እኔ አምነዋለሁ። አንቺ ግን ስለ እኔ ብለሽ እንዳታምኚው።»

ፋሲል መዋኛ ላይ ብዙ አልቆየንም። ውኃ አልነበረውም። ጥር 11 ሲደርስ መስኮት ተዘግቶ እቤት ያሳለፍኩትን ልጅነት ነገርኳቸው፤ «እንግዲህ ዘንድሮ ነይና እዪው፣ ባታምኚም ዘፈኑ አይከለከልሽም» አሉኝ።

አሁን ቅሬታዬን። ሳይዘገዩ አይመጡም፤ በደንብ ጠብቄያቸዋለሁ። ስልክም ቶሎ አያነሱም። ድምፃቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ግቢው ውስጥ የተማሪ ቡድን ካለ መስማት ያስቸግራል። በጣም የቆጨኝ ግን ቁስቋም ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት በመጨረሻ ስለተደረሰበት በጥድፊያ ነው ያየሁት። እቴጌይቱ፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ዐፅማቸው እዚያ ነው፤ ለአርባ ደቂቃ የሚሆን ቦታ አይደለም። ስለ ምንትዋብ ልጠይቅ ያሰብኩት ሁሉ ቀረ። የቤተ እስራኤል መንደር የነበረችው ወለቃም በግማሽ ቀኑ ውስጥ የለችም፣ ለብቻው መነጋገር ያስፈልጋል።

ለሁሉም ሰው ይሆናሉ ወይ? አይመስለኝም። ፎቶ ተነስቶ ቶሎ መውጣት የሚፈልግ ሰው ይሰለቻል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ወጣት ይሻላችኋል፤ ተረት አነጋገሩ ደስ ይላል። ከጥብቅ ቤት የወጣችሁ፣ ወይም ለመውጣት እያሰባችሁ ያላችሁ፣ ወይም ደግሞ በእምነታችሁ ጸንታችሁ ያላችሁና ጥያቄ ስታነሱ ሰው ዓይኑን የሚያፈጥባችሁ ከሆነ ግን እሳቸውን ፈልጉ። ከአምስት አራት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ግማሹን የቀነስኩት ለቁስቋም ነው።

ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ግቢው ከረፋድ በኋላ ይሞላል። ሴቶች ነጠላ ያዙ። ዝርዝር ብር ለባጃጅ ያዙ። ቁስቋምን መጀመሪያ አድርጉልኝ በሏቸው፤ እሺ ይላሉ። ጥያቄዎቻችሁንም ወረቀት ላይ ጻፉ። እኔ ያላነሳኋቸው ስላሉኝ ከጥምቀት በፊት እንደገና ልቀጥራቸው ተስማምተናል።