ዩሪያ፣ ኤንፒኤስ ወይስ ፍግ? ውሃ ለማይተኛበት ሩዝ የቱን ልግዛ

ሸዋሮቢትና አጣዬ ቆላ ላይ ሩዝ ልሞክር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዘሩን ነው። ዘሩ ቀላል ነው፤ እንደ ኔሪካ 4 ያለ፣ ውሃ ለማይተኛበት መሬት የወጣ ዝርያ መያዝ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ማዳበሪያው ነው። የፎገራን፣ የጣና ዳሩን የሩዝ አገር፣ አሠራር እንዳለ መገልበጥ ደግሞ አያዋጣም። እዚያ ሜዳው ላይ የተኛው ውሃ አረሙን ያፍናል፣ አፈሩ ጨምድዶ የያዘውን ፎስፈረስና ብረትም ለሥሩ ይፈታለታል። በእኛ ማሳ ይህን የሚሠራልን የለም።

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ከ50 ኪሎ ኬሻ 23 ኪሎ ማለት ነው፤ በዚህ ሌላው አይደርስበትም። ግን ብኩን ነው። በሐሩር እርጥብ አፈር ላይ በትናችሁት ከሄዳችሁ ጋዝ ሆኖ ይተናል፣ ዶፍ ከመጣ ደግሞ ታጥቦ ከሥሩ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ግማሹን ሲያቆጠቁጥ፣ ግማሹን ዛላ ሊይዝ ሲል፣ አፈር እያለበሱ መስጠት ነው። ያውም ከታረመ በኋላ። አለዚያ አረም ቀላቢ መሆን ነው።

ኤንፒኤስ ናይትሮጅኑ 19፣ ፎስፈረሱ 38፣ ሰልፈሩ 7 በመቶ ነው። በሳምንት አያረነጉድም፤ «ምንም አላየሁበትም» የሚባለውም ለዚህ ነው። ሥራው መሬት ውስጥ፣ ሥር ላይ ነው። ፎስፈረስ ካረፈበት ንቅንቅ ስለማይል ሲዘራ ከመስመሩ አጠገብ ይግባ። ቡቃያው ካደገ በኋላ ከላይ መበተን ብር መበተን ነው።

ፍግ በነጻ ነው ይባላል። ደጋው ላይ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ቆላ ደግሞ ማጓጓዣው አለ። አፈሩን እርጥበት እንዲይዝ ስለሚያደርግ እኔ እወደዋለሁ፤ ግን ያልበሰለው የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። ብቻውንም አያጠግብም።

አምና አጎቴ ሩዙ ቢጫ ሲልበት አንድ ኬሻ ዩሪያ ደፋበት። ጠብ ያለ ነገር የለም። ሄጄ ሳየው ቢጫ የሆነው አዲሱ ቅጠል ነው፣ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል። ይህ የብረት እጥረት ነው፤ ኖራ በበዛበት ደረቅ አፈር ያጋጥማል። ናይትሮጅን ሲያንስ ቢጫው የሚጀምረው ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ቅጠሉን እዩ።

እኔ ብሆን ለግማሽ ሄክታር ከዩሪያውም ከኤንፒኤሱም አንድ አንድ ኬሻ እይዛለሁ። የአንድ ኬሻ ብር ብቻ ያለውስ? አምና ማሾ ከነበረበት ኤንፒኤስ ይግዛ፤ ማሾው ትንሽ ናይትሮጅን ትቶለታል። ማሽላ በማሽላ ላይ ሲዘራበት የኖረና ኤንፒኤስ በየዓመቱ የገባበት ማሳ ከሆነ ግን ዩሪያ ይሻለዋል።

የተፈታ ኬሻ ከሰጧችሁ ደግሞ ቆንጠር አድርጋችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ዩሪያ ከሆነ ሙልጭ ብሎ ይሟሟል፣ ብርጭቆውም እጃችሁ ላይ ቅዝቅዝ ይላል።