የቮልሷ ካርቡራተር ኪት ከዘጠኝ ወር በኋላ

የአጎቴ ቮልስ ደብረ ብርሃን ግቢያችን ውስጥ፣ ከጭድ ክምሩ አጠገብ፣ 12 ዓመት ቆማ ነበር። የ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ናት፤ ሞተሯ 1300፣ ካርቡራተሯ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ሶሌክስ 31 ፒክት-3። ከሶማሌ ተራ ኪት (የካርቡራተር ማደሻ ጋስኬትና ትናንሽ ዕቃዎች) ገዝቼ ራሴ ፈትቼ ገጠምኩላት፤ ይኸው ዘጠኝ ወር ነዳኋት።

ስፈታው ቤንዚኑ ተንኖ የቀረው አተላ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ሳህን ሥር እንደ ሰፈፍ ተጋግሯል፤ ሽታው የቫርኒሽ ነው። ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች በሽቦ እንዳትጎረጉሩ። ነሐሱ ለስላሳ ስለሆነ ይሰፋል፤ ከሰፋ በኋላ ጄቱ (ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ ያለው ብሎን) ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው። እኔ በመጥረጊያ ስንደዶ አጽድቼ፣ ጎማ ነክ ነገሮችን ሁሉ አውጥቼ፣ ባዶ አካሉን ጎሚስታ ጋ ወስጄ በአየር አስነፋሁት። ጎሚስታው «ይኼ ደግሞ የምን ጎማ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። ከሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ የሚዞርበት) መስመር ጥቁር ቅርፊት እየተፈናጠረ ሲወጣ ግን እሱም ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ።

ወደ ኪቱ ልምጣ። የቤንዚን መዝጊያዋ መርፌ እስካሁን አንድም ቀን አላፈሰሰችም። የላይኛው ጋስኬት ግን ለሌላ ዓይነት ሶሌክስ የተቆረጠ ይመስላል፤ ከአሮጌው ጋር ደርቤ ሳየው አንዷን የአየር ቀዳዳ ይደፍናል። በምላጭ ከፈትኳት። ስለዚህ አዲሱ እስኪገጠም አሮጌውን አትጣሉ። የፖምፓው ዲያፍራም (ሲረገጥ ቤንዚን የሚገፋው ስስ ጎማ) ደግሞ በሰባተኛው ወር ደረቀ፦ ቤንዚን ስረግጥ መጀመሪያ እንቅ ትላለች፣ ከዚያ ነው የምትነሣው። ኪቱን ደግሜ እገዛዋለሁ፤ ዲያፍራሙን ግን ለብቻው የተሻለ ፈልጌ።

ኪት የማይፈታው ችግርም አለ። ሁሉን ቀይሬ ሚኒሞ አልይዝ አለች። ሰፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ መጡና ካቻቢቴ እንኳ ሳያነሡ «ቁልፉን ክፈት እስቲ» አሉኝ። ጆሯቸውን አስጠጉ። ካርቡራተሩ ላይ ያለችው ኤሌክትሪካዊ ቫልቭ ጠቅ ማለት ነበረባት፤ አላለችም። ሽቦዋ ወልቃለች! ሦስት ቀን ሙሉ የለፋሁት ለእሷ ነው። ቀጥለው የቤንዚን መስጫውን ዘንግ በጣታቸው ወዘወዙት፤ ተበልቶ ይላወሳል፣ በዚያ በኩል ትርፍ አየር ይስባል። ቶርኖ ቤት ወስጄ የነሐስ ቡሽ አስቀረጽኩለት። «ፑንቲናውን ሳታይ ካርቡራተር አትክሰስ» ያሉኝም እሳቸው ናቸው፤ ፑንቲና የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው ነው።

በኅዳር ውርጭ ጠዋት ቁልፉን ከማዞሬ በፊት ቤንዚኑን አንዴ እስከ ታች ረግጬ እለቃለሁ፤ አውቶማቲክ ቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ቦታውን የሚይዘው በዚያ ነው።

ብዙ ያስቸገረኝ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ የሳሳውን ያህል ቤንዚኑን አይቀንስም። ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለበሱ፣ ጭሷ ጠቆረ፣ ዳገት ላይ ተንፏቀቀች። በውስጧ የነበረው ዋና ጄት 130 ይላል፤ ቀዳዳው 1.30 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። 122.5 አስገባሁ። ካንዴላዎቹ ከከሰል ወደ ማኪያቶ ቀለም ተመለሱ፣ ዳገቱም ቀለላት።

ግን ሸዋ ሮቢት ዘመድ አለኝ። እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ያችው ትንሿ ጄት ቤንዚን ታሳንስባታለች፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፣ የቮልስ ሞተር ደግሞ ማቀዝቀዣው አየር ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጄት የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። ደብረ ሲና ላይ ቆመን ቆሎ እስክንገዛ፣ ሻይም እስክንጠጣ ሞተሩ ይበርዳል። ሳይበርድ እንዳትሞክሩት፤ የሳህኑ የጎን ብሎን ሲፈታ ቤንዚን ይፈስሳል፣ ከሥሩ ጣሳ ያስፈልጋል። ከዚያ በቀጭን ካቻቢቴ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስመለስም እዚያው እቀይራለሁ። አንድ ቀን ሰንፌ 130ውን እንደያዝኩ ወጣሁና የጣርማ በርን ዋሻ በጭስ ሞላሁት። ከኋላዬ የነበረው የአይሱዙ ሾፌር ከዋሻው እስክንወጣ መብራቱን ሲያበራብኝ ቆየ፤ ሲያልፈኝ በመስኮት ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።