በቤቴ ሰርቨር ላይ የሚሠራ የድምፅ ረዳት፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ቀድሞ የነበረኝ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ስማርት ስፒከር ከዓመት ወደ ዓመት ወሬው እየበዛ ሥራው እየቀነሰ የሄደ ዕቃ ነበር። የሳሎኑን መብራት እንዲያጠፋ ሳዘው አጥፍቶ ዝም አይልም፤ ያልጠየቅሁትን አገልግሎት ያስተዋውቀኛል። የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ስጠይቀው ሰምቼው የማላውቀውን የውጭ አገር ዘፋኝ ያመጣል፤ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ያለውን አምፖል እንኳ ማብራት ይሳነዋል። በዚህ መሐል አማዞን ከማርች 28 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ኤኮ በተባሉት አንዳንድ ስማርት ስፒከሮቹ ላይ የነበረውን የድምፅ ቅጂ ወደ ኩባንያው እንዳይላክ የሚከለክል ምርጫ ማንሳቱ፣ ዕቃውን ገዝተን ወደ ቤት ካስገባነው በኋላም ደንቡን የሚያወጣው ሻጩ መሆኑን አሳየኝ።

በምትኩ የገዛሁት፣ የቤት ዕቃዎችን ከራስ ኮምፒውተር ላይ ለሚያዝዘው ሆም አሲስታንት ለተባለ ፕሮግራም የተሠራውንና በዲሴምበር 2024 በ59 ዶላር ለገበያ የቀረበውን ሆም አሲስታንት ቮይስ ፕሪቪው ኤዲሽን ነው። ሁለት ማይክሮፎን ያለው ትንሽ ነጭ ሳጥን ሲሆን፣ በጎኑ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ማይክሮፎኖቹን በሶፍትዌር ሳይሆን ኤሌክትሪካቸውን በመቁረጥ ይዘጋቸዋል። ብቻውን ግን ምንም አይሠራም። «ኦኬ ናቡ» የሚለውን መጥሪያ ራሱ ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ቤት ውስጥ ወዳለው ኮምፒውተር ይሄድና ዊስፐር የተባለው ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል፣ ሆም አሲስታንት ትእዛዙን ይፈጽማል፣ ፓይፐር ደግሞ በድምፅ ይመልሳል።

ስለዚህ ሊገዛ ያሰበ ሰው ከሳጥኑ ይልቅ ስለ ኮምፒውተሩ ይጨነቅ። የሆም አሲስታንት አዘጋጆች ራሳቸው እንደሚገልጹት ዊስፐር ራስፕቤሪ ፓይ 4 በተባለው ትንሽ ርካሽ ኮምፒውተር ላይ አንድን ትእዛዝ ለመረዳት 8 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ በአነስተኛ የኢንቴል ኮምፒውተር ላይ ግን ከአንድ ሰከንድ በታች ይበቃዋል። ስምንት ሰከንድ በጨለማ ኮሪደር ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ረጅም ነው። እኔ በአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ስለጫንሁት፣ መብራት፣ ሰዓት ቆጣሪና ማሞቂያ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ማስታወቂያና ያለ ተጨማሪ ቃል ይታዘዙኛል። ለጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ ግን፣ እንደ ቻትጂፒቲ ያለ የቋንቋ ሞዴል ካልተጨመረለት በስተቀር፣ መልስ አይጠበቅበትም፤ ለሙዚቃም በውስጡ ያለው ስፒከር ትንሽ በመሆኑ ሌላ ስፒከር በገመድ ማገናኘት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ጊዜዬን የወሰደው አማርኛው ነው። ዊስፐር ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ ቢኖርበትም፣ በትንንሾቹ ሞዴሎች (ለደካማ ኮምፒውተር በሚሆኑት ቅጂዎቹ) የሚጽፈው አማርኛ ለትእዛዝ የሚታመን አይደለም። የሞክሼ ፊደላት ጣጣም አለ፤ ሥርዓቱ ጽሑፍን ከጽሑፍ ጋር የሚያመሳስል በመሆኑ አንዴ «ሳሎን» አንዴ «ሣሎን» ተብሎ ቢጻፍ አንድ ክፍል መሆኑን አያውቅም። ይህኛውን ለክፍሉ ተለዋጭ ስም በመስጠት መፍታት ይቻላል፤ በቀድሞው ስፒከር አማርኛ የሚባል ነገር ስላልነበረ የሚሞከርም አልነበረም። አማርኛ ብቻ የሚናገሩት አማቴ ግን እስካሁን ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ነው የሚያምኑት፤ እኔም አልከራከራቸውም።

ሆም አሲስታንት በየወሩ አዲስ እትም ስለሚያወጣ፣ ከማደስ በፊት የለውጡን ዝርዝር ማንበብና የመጠባበቂያ ቅጂ መያዝ የባለቤቱ ሥራ ነው። ይህን ሥራ የማይፈልግ ሰው ባይገዛው ይሻላል። እኔ ቀጥሎ ገንዘብ የማወጣው ሁለተኛ ሳጥን ለመግዛት ሳይሆን፣ ትልቁን የዊስፐር ሞዴል የሚሸከም ኮምፒውተር ለመግዛት ነው።