ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ የቆጠራ ጥራዝ የሚሸጡት ጋሼ

ሱቁ ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም አይርቅም። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ የድሮ መጽሔትና የተማሪ መጽሐፍ ተከምሮ ካያችሁ እሱ ነው። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ልብ ወለድ ፍለጋ ነው። እኔ የምመላለሰው ግን ጥግ ላይ ላለው መደርደሪያ ነው። የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጥራዞች እዚያ አሉ።

ምን ያደርግልሻል የሚለኝ አይጠፋም። እናቴ የሾንኬ ልጅ ናት። ሾንኬ ከከሚሴ ወጣ ብላ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ቤቶቿ በድንጋይ የተካቡ የአርጎባ ብሔረሰብ መንደር ናት። የሾንኬውን የእስልምና ሊቅ ሼህ ጀውሀርን የሚያውቅ ያውቃታል፣ ሌላው ሰው ግን ስለ እሷ አልሰማም። ስለ እናቴ ወገን ተረቱንም ታሪኩንም ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ ከይፋት ሱልጣኖች ጀምሮ እስከ አልዩ አምባ ገበያ። ስንት እንደሆኑ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። አንድ ቢሮ ጠይቄ «ደብዳቤ አጽፈሽ ነይ» ተባልኩ። ለማን ብዬ ላጽፍ?

ጋሼ ደብዳቤ አይጠይቁም።

«የ87ቱ የአማራ ክልል ጥራዝ አለ?»

«ምኑን ልታዪበት ነው?»

«አርጎባን።»

«እንግዲያው እሱ ብቻ አይበቃሽም ልጄ። የአፋሩንም ጨምሪ።»

ሁለት ለመሸጥ የተዘየደ የነጋዴ ብልጠት ይመስላል። አይደለም። ጋቸኔና አካባቢው፣ የአርጎባ ልዩ ወረዳ ማለት ነው፣ አፋር ክልል ውስጥ ነው። ሰሜን ሸዋና ወሎ ያለው አማራ ጥራዝ ውስጥ ይገባል። ሐረር በኩል ያለው ደግሞ ሌላ ጥራዝ ነው። አንዱን ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው የሚያገኘው ግማሽ አርጎባ ነው። ይባስ ብሎ የ1999ኙ ቆጠራ አፋርና ሶማሌ የደረሰው ኅዳር 2000 ላይ ነው። ሌላው አገር ግንቦት ላይ ተቆጥሮ አልቆ ነበር። ይህንን ሁሉ የነገሩኝ ሻዩን እየጠጡ፣ ቀና ሳይሉ ነው።

ከዚያ ሁለት ሠንጠረዥ አወጡልኝ፤ የብሔር እና የአፍ መፍቻ ቋንቋ። ለኔ ገንዘቡ የወጣው ለዚህ ነው። በ1987 አርጎባ ነኝ ያለው በአገሪቱ 62 ሺህ አካባቢ ነው። አርጎብኛ አፍ የፈታበት ግን ወደ 11 ሺህ። የቀረው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ነው ያደገው። በ1999 ደግሞ አርጎባ ነኝ ባዩ ከ140 ሺህ በላይ ሆኗል። በ12 ዓመት ተኩል ገደማ ከእጥፍ በላይ! ይህ በወሊድ ብቻ አይመጣም። የቆጠራ ሠራተኛው ብሔር ሲሞላ የሚጽፈው ሰውዬው ያለውን ነው፤ ድሮ ሌላ ይል የነበረ ሰው በኋላ አርጎባ ነኝ ቢል ቁጥሩ ያድጋል። እኔ የማምነው ይህንን ነው። አጎቴ ግን በግድ «ወለድን» ይላል።

የሾንኬን ቁጥር ብቻዋን የሚፈልግ ካለ ይቅርበት። ጥራዙ ብሔርን መንደር በመንደር አያወርድም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ዋናው ጥራዝ ስለማይገኝ አብዛኛው የሚሸጠው ኮፒ ነው፤ በስፓይራል የተጠረዘ። የኔን የአፋር ጥራዝ ኮፒ ያደረገው ልጅ ገጹን አጣሞት የቀኝ ጠርዙ ተቆርጧል። ሠንጠረዡ ወንድ፣ ሴት እያለ ሄዶ የመጨረሻው የገጠር ሴቶች አምድ ግማሽ አሃዝ ብቻ ቀርቷል። የአርጎባ ሕዝብ በብዛት ገጠሬ ነው፤ ስለዚህ የተቆረጠው ዋናው ነገር ነው። መልሼ ወሰድኩት። ጋሼ ሳይከራከሩ በነጻ አስተካከሉ፣ ልጁንም ገሠጹት። እናንተ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ገጽ በገጽ ግለጡት።

ዋጋው ለአንድ ጥራዝ 700 ብር ነው። ለኮፒ በዛ። መከራከር ይቻላል፣ ሃምሳ ብር ይቀንሳሉ እንጂ ከዚያ አያልፉም። «ይኼ እኮ አዲሱ ነው» ይላሉ የ1999ኙን እያሳዩ፣ እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ አራተኛው ቆጠራ እየተራዘመ እየተራዘመ ስለቀረ ሃያ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ጥራዝ ዛሬም አዲሱ ነው።

ከአምስት አራት ኮከብ። አንዱን የቀነስኩት ለኮፒው ነው። የ1976ቱን፣ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ቆጠራ፣ እያፈላለጉልኝ ነው። ካገኛችሁት ለኔ ሳትነግሩ እንዳትገዙት። እሁድ ዝግ ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ብትሄዱ ይሻላል።